ስለ ሰውና ስለ ዛፍ ወዳጅነት

ልጆች ሆይ፤ ሰው የሚወደው ሰውን ብቻ አይደለም። አባቱንና እናቱን፥ ወንድሙንና እኅቱን እንደሚወድ ሁሉ፥ ውሃ የተራጨበትን ወንዝ፥ ከብት የጠበቀበትን መስክ፥ ከፀሐይም የተጠለለበትን ዛፍ ይወዳል። ይህ ፍቅር ከየት እንደሚመጣ፥ ምንም እንደሚጠቅም በዚህ ምዕራፍ እንመለከታለን። ስለ ወንዝና ስለ ተራራ፥ በስሙ ስለሚጠራው በሬም መናገር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነገሩ እንዳይበዛብን ዛሬ ስለ ዛፍ ብቻ እንናገራለን።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ከአገሩ ወጥቶ በሩቅ አገር የሚኖር ሰው የወይራ ጢስ ድንገት ቢሸተው ስለ ምን ልቡ ይናወጣል? ወይራ በአገራችን ብዙ ሥራ አለው። እናቶች የወተቱን ዕቃ በጢሱ ያጥኑታል፤ ከቀጭኑ ቅርንጫፍ የጥርስ መፋቂያ ይቈረጣል፤ ከጠንካራውም እንጨት ዱላ ይሠራል። እንግዲህ ያ ሰው ሕፃን ሳለ ወተት በጠጣ ጊዜ ሁሉ የወይራውን ሽታ አብሮ ጠጥቷል። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩን፥ በአፍንጫ የገባ ሽታ በአንጎል ውስጥ የሚደርሰው ትዝታና የልብ ስሜት ከሚነሡበት ስፍራ አጠገብ ነው። ስለዚህ ሽታ የቈየውን ነገር ፈጥኖ ያስነሣዋል። ሰውየውም ያሰበው ወይራውን ብቻ አይደለም፤ እናቱን፥ የጓዳውን በር፥ ማታ ማታ የሚጮኸውን ጥጃ አሰበ። ለዛፍ ያለን ፍቅር አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው እንደዚህ ነው፤ ሐረግ በግንድ ላይ እንደሚጠመጠም በሰው ፍቅር ላይ ተጠምጥሞ።

ዋንዛም እንዲሁ ነው። ከዋንዛ ከበሮ ይፈለፈላል፥ ሙቀጫም ይሠራል። ገበሬውም ማሳውን ሲመነጥር ብዙ ጊዜ ዋንዛውን በመካከል ይተወዋል፤ በሬዎቹን ፈትቶ ምሳውን የሚበላው በእርሱ ጥላ ነውና። ኮሶ ደግሞ ለሆድ ትል መድኃኒት ሆኖ ኖሯል፤ ምሬቱን የቀመሰ ሰው ባይወደውም እንኳ አይረሳውም።

ከሁሉ ይልቅ ግን በሰዎች ኑሮ ውስጥ የገቡት ዋርካና ሾላ ናቸው። እነዚህ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ሰው ያስጠልላሉ። ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በከብት ምክንያት የተጣሉ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌዎች በዋርካው ሥር ተቀምጠው ነገራቸውን ይሰማሉ፤ ያስታርቋቸዋልም። የሽማግሌዎቹ ልጆችም ሸምግለው በዚያው ስፍራ ይቀመጣሉ። ዛፉ ግን ከሁሉም በፊት ነበረ፥ ከብዙዎቹም በኋላ ይኖራል። ስለዚህ ሰው ዋርካውን ሲያይ እንጨት ብቻ አያይም፤ አያቱ የታረቁበትን ስፍራ ያያል። እንዲህ ያለውን ዛፍ የሚቈርጥ ሰው የመንደሩን መዝገብ እንደሚያቃጥል ነው።

የሾላ ፍሬ አግኝታችሁ እንደ ሆነ በመካከል ከፍላችሁ ተመልከቱት። ሌሎች ዛፎች አበባቸውን በውጭ ያሳያሉ፤ ሾላና ዘመዶቹ ግን አበባቸውን በፍሬው ውስጥ ሰውረው ይይዛሉ። እጅግ ትንሽ የሆነች ተርብ በጠባብ ቀዳዳ ገብታ የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች። ተርቧ ያለ ዛፉ ልትራባ አትችልም፤ ዛፉም ያለ ተርቧ ዘር አያፈራም። ፍሬው ከበሰለ በኋላ ወፎችና ዝንጀሮዎች በልተው ዘሩን በየስፍራው ይበትናሉ። እንግዲህ አንድ ሾላ ሲወድቅ የሚፈናቀለው ዛፉ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ አገር እንሻገር። በዚያ አገር ከሾላ ወገን የሆነ ታላቅ ዛፍ አለ፤ የኪኩዩ ሰዎች ሙጉሞ ይሉታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 ዓመት፥ በኒዬሪ አውራጃ፥ ዋንጋሪ የምትባል ልጅ ተወለደች። ልጆች እንደሚያደርጉት ሁሉ፥ ለእናቷ እንጨት ልትለቅም ትላክ ነበር። እናቷም በቤታቸው አቅራቢያ ካለው ከሙጉሞው ሥር ደረቅ እንጨት እንኳ እንዳትለቅም አስጠነቀቀቻት። ልጅቱ ምክንያቱን በጠየቀች ጊዜ፥ የእግዚአብሔር ዛፍ ነውና አይቈረጥም፥ አይቃጠልምም ብላ መለሰችላት።

በዛፉ አጠገብ ከምድር የሚፈልቅ ንጹሕ ውሃ ነበረ። ልጅቱም ከዚያ ውሃ ትጠጣለች፤ በዳሩም እየተቀመጠች ትጫወታለች። አንድ ቀን በውሃው ውስጥ የእንቍራሪት እንቍላል አየች፤ ጥቍርና ነጭ ሆኖ እንደ ጨሌ የተሰካካ ነበር። በአንገቷ ልታስረው ወዳ ቀስ ብላ እጇን ከሥሩ አግብታ ብታነሣው፥ በእጇ ላይ ተበታተነ። ደግማ ሞከረች፤ እንደ ገና ተበታተነ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ በውሃው ውስጥ ጅራታቸውን እያወዛወዙ የሚዋኙ ብዙ ጥቃቅን ፍጥረቶች አየች፤ በኋላም እነርሱ ጠፍተው እንቍራሪቶች በሣሩ ላይ ሲዘሉ አገኘች። ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሆን በትምህርት ቤት እስክትማር ድረስ ምሥጢሩን አላወቀችም፤ ነገር ግን ወድዳው ነበር። ልጆች ሆይ፥ ብዙ ጊዜ ፍቅር ከዕውቀት ይቀድማል፤ ዕውቀትም በኋላ መጥቶ ያጸናዋል።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ የተለመደ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ግን፥ እኛ ስንማር እርሷ ስለ ምን አትማርም? ብሎ እናቱን ጠየቀ። እናቲቱም የጠየቀውን መልካም ጥያቄ ሰምታ ላከቻት። ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንናገር፦ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች፤ በ1960 ዓመት ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ስለ ሕያዋን ፍጥረቶች ትምህርት ተምራ በ1966 ዓመት ተመለሰች። በ1971 ዓመትም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበለች፤ ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ሴቶችም ለዚህ ማዕርግ የመጀመሪያዋ ሆነች። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ዶክተር ዋንጋሪ ማታይ እያልን በክብር እንጠራቸዋለን።

ዶክተር ዋንጋሪ ወደ ተወለዱበት መንደር በተመለሱ ጊዜ ሙጉሞውን አላገኙትም። መሬቱን የያዘው ሰው ዛፉ ብዙ ስፍራ ይይዛል ብሎ ቈርጦት፥ በስፍራው ሻይ ተክሎበት ነበር። ይህን ሰው ክፉ ነው ብለን አንፍረድበት፤ ሻይ ይሸጣል፥ ገንዘቡም ለቤተ ሰብ ቀለብ ይሆናል። ነገር ግን ዛፉ በወደቀ ጊዜ ምንጩም ደረቀ። እንቍራሪቶቹም አልነበሩም። የዚያች መንደር ልጆች ደግሞ ከምንጩ ሊጠጡ፥ በዳሩም ተቀምጠው ሊጫወቱ አልቻሉም።

የዛፉና የምንጩ ነገር እንዴት እንደ ተያያዘ ልንገራችሁ። የሙጉሞ ሥር ወደ ታች እጅግ ጠልቆ ይሄዳል፤ ዐለቱንም ሰንጥቆ በምድር ውስጥ ወዳለው ውሃ ይደርሳል።  ደግሞም የዛፉ ሥር በተራራው ጎን ያለውን አፈር እንደ መረብ ይይዘዋል፤ ቅጠሉም የዝናቡን ኀይል ያበርደዋል። ስለዚህ ውሃው በምድር ላይ እንደ ጎርፍ ሮጦ ከመጥፋት ይልቅ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የዶክተር ዋንጋሪ እናት ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችም። አትቍረጭው የሚለውን ቃል ግን ለልጇ አስተላለፈች፤ ያም ቃል የመንደሩን ምንጭ ለብዙ ዘመን ጠብቆት ኖረ።

የገጠር ሴቶችም በዚያ ጊዜ ለዶክተር ዋንጋሪ ችግራቸውን ነገሯቸው። ማገዶ ከሩቅ እንመጣለን፤ ንጹሕ ውሃ አጣን፤ የሚበላም አነሰን አሏቸው። እርሳቸውም የዚህ ሁሉ ሥር አንድ መሆኑን ተመልክተው፥ ዛፍ ብንተክልስ? አሉ። በ1977 ዓመት ሰኔ ወር በናይሮቢ ከተማ ሰባት ችግኞችን በመትከል ሥራውን ጀመሩ፤ ማኅበሩም አረንጓዴው መቀነት የሚል ትርጕም ያለው ስም ተሰጠው። አንዳንድ የደን ሥራ አዋቂዎች፥ ችግኝ ማፍላት የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እነዚህ ያልተማሩ ሴቶች እንዴት ይችሉታል? እያሉ ተጠራጠሩ። ሴቶቹ ግን ከልጅነታቸው ጀምረው ዘር ሲዘሩና ሲያጭዱ የኖሩ ናቸው። የዛፍ ዘር ከየጫካው ለቀሙ፤ በተሰበረ ገንቦም አፈር ሞልተው አበቀሉት፤ ዶሮና ፍየልም እንዳይደርስበት ከፍ ካለ ስፍራ ላይ አኖሩት። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከዚህ የተሻለ የችግኝ ትምህርት ቤት በዚያ ጊዜ አልነበረም።

በ2004 ዓመት ዶክተር ዋንጋሪ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው፤ ከአፍሪካ ሴቶች ይህን ሽልማት የተቀበሉ የመጀመሪያዋ እርሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ማኅበራቸው ያስተከላቸው ዛፎች ከ30 ሚሊዮን በላይ ደርሰው ነበር። የሽልማቱ ወሬ በኒዬሪ ሳሉ በደረሳቸው ጊዜ፥ ያደረጉት ነገር ተንበርክከው ጕድጓድ ቈፍረው አንድ ዛፍ መትከል ነበር። በ2011 ዓመት ባረፉ ጊዜም ሬሳቸው የተቀመጠበት ሣጥን ከእንጨት አልነበረም፤ ስለ እኔ ዛፍ አይቈረጥ ብለው ስለ ነበረ፥ ከቀርከሃና ከደንገል ከውሃ ላይም ከሚበቅል አረም ተሠርቶ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በደቡብ ጎንደር አገር በአውሮፕላን የሚያልፍ ሰው ወደ ታች ቢመለከት፥ ሰፊ የታረሰ መሬት ያያል፤ በበጋም ቡናማ ሆኖ ይታያል። በዚያ መካከል እዚህና እዚያ ክብ የሆነ አረንጓዴ ነገር አለ፤ በባሕር ውስጥ እንዳለች ደሴት ይመስላል። ይህ አረንጓዴ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በመካከሉ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ በዙሪያውም ጥድ፥ ወይራ፥ ዝግባ፥ ዶቅማ፥ ጥቍር እንጨትና ሌላውም ዛፍ ቆሟል። በውጭ ያለው ጫካ ለእርሻና ለማገዶ ተመንጥሮ ሲያልቅ ይህ የቀረው፥ ሰዎች ስለ ወደዱትና ስላከበሩት ነው። ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው የሚሉ አባቶች አሉ። ሰዎች በዚያ ተጠምቀዋል፤ ወላጆቻቸው በዚያ ተቀብረዋል፤ የቆሎ ተማሪዎችም ጎጆአቸውን በዛፎቹ ጥላ ሠርተው ዜማና ቅኔ ይማሩበታል። እንግዲህ ምሳር ይዞ የሚገባ ማን ነው?

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የደን ሊቅ በዚሁ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ እየተዘዋወሩ ዛፉንና ቍጥቋጦውን ሁሉ ቈጠሩ። ከ160 የሚበልጥ ዓይነትም አገኙ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በውጭ በእርሻው መካከል ከቶ አይገኙም። ዘራቸውም በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዘመን የሚቈይ አይደለም፤ የስንዴ ዘር በጎተራ እንደሚቀመጥ የዛፉ ሁሉ ዘር በምድር ውስጥ አይቀመጥምና። ስለዚህ ቆሞ ያለው ዛፍ የወደቀ እንደ ሆነ፥ ከእርሱ በኋላ የሚነሣ የለም።

ሊቁ ደግሞ ሌላ ነገር ተመለከቱ፤ ይህም የሚያስጨንቅ ነው። ታላላቆቹ ዛፎች በክብር ቆመው ሳሉ፥ ከሥራቸው ሊበቅሉ የሚገባቸው ትንንሾቹ እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ስለ ምን? ከብት ስለሚገባ ነው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ላሙም ፍየሉም ጥላና ቅጠል ፍለጋ ወደ ደኑ ይገባል። ዘሩ ወድቆ፥ ዝናብ አግኝቶ፥ ሁለት ቅጠል ያወጣ እንደ ሆነ፥ ጥጃው ይበላዋል ወይም ይረግጠዋል። ዛፉን የሚቈርጥ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ደኑ ልጅ እንደሌለው ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ሰዎቹ ደኑን አልጠሉትም፤ እንዲያውም ይሳለሙታል። ጥጃው አንዲት ቅጠል ሲነጭ ማየት ግን ከዕለት ሥራ አንዱ ነውና ማንም ልብ አላለውም። ዛፍ በአንድ ቀን በምሳር ሲወድቅ ሁሉ ይጮኻል፤ በመቶ ዓመት ውስጥ በጥጃ አፍ ሲጠፋ ግን የሚጮኽ አይገኝም።

ደኑም ትንሽ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ነፋስና ፀሐይ ይገባበታል፤ በዳር ያሉት ዛፎች ይደርቃሉ፤ ገበሬውም በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ውስጥ ይጨምራል። አንድ ትልም ብዙ አይደለም ይላል። እርሱ ልክ ነው፤ አባቱም እንዲህ ባለ ጊዜ ልክ ነበረ፤ አያቱም እንዲሁ። የሦስቱ ዘመን ትልም ሲደመር ግን የደኑን ዳር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀረበው።

ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋራ ሆነው ካህናቱን ሰበሰቡ። በሰማይ ላይ ከሚዞር መሣሪያ የተነሣ የደኖቹን ፎቶግራፍም አሳዩአቸው። ካህናቱ ደናቸውን ከውስጥ ሆነው ሁልጊዜ አይተውት ነበር፤ ከውስጥ የሚያይ ሰው ግን ዙሪያውን ዛፍ ስለሚያይ ሰፊ ይመስለዋል። ከላይ በታየ ጊዜ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ፥ ምን ያህልም ብቻውን እንደ ቆመ አወቁ። ከዚያም በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ለመካብ ተስማሙ።

ድንጋዩ ከየት መጣ? ከእርሻው ነው። የዚያ አገር ማሳ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ፥ ገበሬው ማረሻው በድንጋይ ላይ ሲሰበርበት ይኖር ነበር። አሁን ድንጋዩን እየለቀመ ለካቡ አመጣው፤ ማሳውም ጠራለት። በካቡ ላይ በር ተደረገ፤ ሰው በበሩ ይገባል፥ ላሙና ፍየሉ ግን በውጭ ይቀራል። የእርሻውም ትልም ወደ ካቡ ሲደርስ ይቆማል።

ካብ የተካበባቸው ደኖች አሁን ከውስጥ መለወጥ ጀምረዋል። ቀድሞ የተረገጠ አፈር ብቻ በነበረበት ስፍራ ቡቃያ ይታያል። እስከ ካቡ ድረስ ወይራውና ዶቅማው እየበቀለ ነው፤ ከካቡ ላይ ያለፈ ወፍ የጣለው ዘርም ይበቅላል። በታላቁ ዝግባ ሥር ገና ከልጅ ጕልበት የማይበልጥ ትንሽ ዝግባ የሚታይበት ስፍራ አለ። ይህ ዛፍ አዝግሞ የሚያድግ ስለሆነ፥ ጥላ ሊሰጥ የሚችለው ዛሬ ፊደል የሚቈጥሩት ልጆች ሸምግለው በከዘራ በሚሄዱበት ጊዜ ነው።